ድልድዩ ሸክም ላይ ሳለ

ሰበታ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሃማ፣

ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ሞላ። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፤ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ እሄዳለሁ፤ ነፋስ ቆርቆሮ ሲያነሣብኝ መሰላል ላይ ወጥቼ ምስማሩን ራሴ እመታለሁ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ብቻ ዘንድሮ እምቢ ብሎኛል። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ባለቤቴ ማሪቱ ካረፈች ወዲህ «ሽማግሌው ብቻውን ምን ሊሆን ነው» የሚሉ ሰዎች ወሬውን ኮሪያ ድረስ ሳያደርሱት አይቀሩም ብዬ ነው።

እንደምን ከረምሽ? የታላቅ ወንድሜ፣ የአያትሽ የተድላ አምላክ መውጣትሽንና መግባትሽን ይጠብቅልኝ። ያለሽበት አገር ብርዱ አጥንት ይገባል ሲሉ ሰማሁ፤ እግርሽን አሙቂ።

ጽሕፈቱ የራሴ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምኳት ፊደል ናት፤ ብትንጋደድም አትሳቂ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው የህያ በስልኩ አንሥቶ ይልክልኛል። አንቺም ለእሱ ላኪለት፤ አትሞ ይሰጠኛል። አትደውዪ። በስልክ የተነገረ ነገር ሲነጋ የለም።

ነገሬ ይህ ነው። ከድንጋይ ካባው ወደ ጅማ መንገድ የሚያወጣውን ድልድይ ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሳለሽ አሻግሬሻለሁ። ዋናው ግንበኛ እኔ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ከወረዳ ሁለት ሰዎች መጥተው ፎቶ ያነሣሉ። «ምን ፈለጋችሁ?» አልኳቸው። «አባት፣ ድልድዩ አርጅቷል ተብሎ ነው» አሉኝ። «ያረጀሁስ እኔ ነኝ፤ እሱ በ1974 የተሠራ ጎረምሳ ነው!» ብዬ አባረርኳቸው። በግራው ምሰሶ ላይ አንዲት ስንጥቅ አለች፤ እሷን አይተው ነው። ስንጥቅ የሌለው ግንብና መጨማደድ የሌለው ግንባር የት አለ?

አንቺ የድልድይ ሐኪም ሆነሻል አሉኝ። እንግዲህ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ላኪልኝ፤ «ይህ ድልድይ ደህና ነው» የሚል። ሌላ ምንም አልፈልግም።

የሺጥላ

*

ዴጆን፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባባ የሺጥላ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ እግሬንም አሙቄያለሁ።

አባባ፣ ወረቀቱን አሁን መላክ አልችልም። አይቆጡኝ። እኛ እዚህ ድልድይን በዓይን አይተን «ደህና ነው» አንልም፤ «ታሟል»ም አንልም። የምሠራበት ድልድይ ላይ ጣት የሚያህሉ መለኪያዎች ተለጥፈዋል። ስንት እንደጎበጠ፣ ስንት እንደሞቀ፣ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ቀን ከሌት ይመዘግባሉ። አንድ ቀን የተወሰደ ልኬት ምንም አይነግረኝም። የብዙ ቀን ልኬት አንድ ላይ ሲቀመጥ ግን የድልድዩ ጠባይ ይታወቃል።

እነዚያን መለኪያዎች መላክ ባልችልም እርስዎ አሉልኝ። ከስንጥቋ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ምስማር በስሚንቶ ይትከሉ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በሚለይ መለኪያ፣ በካሊፐር፣ ይለኩ፤ ብረት ቤቶች አያጡትም። ከምሰሶው አናት ቱንቢ ጥለው ጫፉ የሚያርፍበትን ቦታ ከታች በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፀሐይ መኖር አለመኖሩን ይጻፉ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ያነበቡትን እንጂ የመሰለዎትን አይጻፉ።

ልጅዎ ሩሃማ

*

ሰበታ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሃማ፣

የላክሽው ሥራ ጤና ሆነኝ። አንቺንም ጤና ያድርግሽ፤ የላቡን ዋጋ ከማይከለክል ጌታ ጋር ያውልሽ።

ካሊፐሩን የሰጠኝ ብየዳ ቤት ያለው ዛኪር ነው። ቁጥሩ እንደ ሰዓት ብቅ የሚል ዓይነት ነውና ዓይኔ አላስቸገረኝም። «አባባ፣ ይህ ዕቃ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም» አለኝ። «ድልድዬም ከእጄ ወጥቶ አያውቅም» አልኩትና ወሰድኩ።

በመሮ ፈልፍዬ ምስማሮቹን ተከልኩ። ይኸው አንድ ወር ለካሁ፤ የሚካኤልንና የማርያምን ዕለት ብቻ አልሠራሁም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መቶ ሚሊሜትር ከነጥብ አራት። በማግስቱም መቶ ከነጥብ አራት። በሳምንቱም ያው። አንድ ቀን ግን በቀትር ብሄድ መቶ ከነጥብ ሦስት ሆኖ አገኘሁት! ካሊፐሩን አራግፌ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ማታ ተመልሼ ስሄድ ነጥብ አራት። ፀሐይ ሲመታው ድንጋዩ አብጦ ስንጥቋን ይዘጋታል ማለት ነው? አርባ ዓመት በእጄ የዳበስኩት ድንጋይ እንደ ሊጥ ኩፍ እንደሚል አላውቅም ነበር። ይህን ለኦቦ ጃራ ነገርኩት። ጃራ የድልድዩን መሠረት የቆፈረ ነው፤ ዛሬም ጎረቤቴ ነው። «አንተ በስተርጅና ተማሪ ቤት ገባህ» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ያልለካሁት ነገር የለም። የቤቴን በር መቃን ለካሁ፤ ጠዋትና ማታ ያው ነው። ራሴን ግድግዳው ላይ ለካሁ፤ ጠዋት ከማታ በአንድ ጣት እረዝማለሁ! ጃራንም አስቁሜ ለካሁት፤ እሱም እንደዚያው ነው። ይህ ምንድን ነው? መልሱን ጻፊልኝ።

ሙሉውን ደብተር የህያ አንሥቶልሻል። ድልድዩ ጤነኛ ነው። አሁን ወረቀቱን ላኪ።

የሺጥላ

*

ዴጆን፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባባ የሺጥላ፣

ደብተርዎን ለፕሮፌሰሬ አሳየሁት። «ይህ ሰው የት ነው የተማረው?» አለኝ። «ድንጋይ ላይ» አልኩት። ዕድሜ ይስጥልኝ።

የድንጋዩን ነገር ልክ አሉ፤ ሲሞቅ ያብጣል። እኛ ትልቁን ጊዜያችንን የምንፈጀው የፀሐይን ሥራ ከሸክም ሥራ በመለየት ነው። እርስዎ በአንድ ቀትር ደረሱበት። የእርስዎና የኦቦ ጃራ ቁመት ደግሞ እንዲህ ነው፤ በጀርባ አጥንታችን መካከል ያለው ለስላሳ ነገር ቀኑን ሙሉ የራሳችንን ክብደት ተሸክሞ ይጨመቃል፤ ሌሊት ተኝተን ሲያርፍ መልሶ ይነፋል።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህን ያህል ጸጥ ያለ ልኬት ከድልድይ ላይ አይቼ አላውቅም። በዚያ መንገድ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ እንደሚመላለስ አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የፋብሪካ ሠራተኛ የጫነ ሚኒባስ ይበዛል። ሲለኩ ድልድዩ ላይ ምን አለ?

ሩሃማ

*

ሰበታ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩሃማ፣

ምንም የለም! ምን እንዲኖር ፈለግሽ?

ልኬቴን ተጠራጠርሽው። ሽንፍላ እንደሚያጥብ ሰው ደጋግሜ የለካሁትን ነው። ባዶ እስኪሆን እጠብቃለሁ፤ መኪና ከመጣም ከዘራዬን አንሥቼ አስቆማለሁ። ከማል የሚባል የሲኖ ሹፌር አለ፤ «ፋዘር፣ ድልድዩን ገዙት እንዴ?» እያለ ጥሩምባ ይነፋብኛል። ይንፋ። ሸክም የተሸከመን ሰው መንገድ ላይ አቁመው «እንደምን ዋልክ» አይሉትም፤ አስቀድመው ያወርዱለታል፣ ከዚያ ይጠይቁታል። እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። እዚያ አገር እንዴት እንደሆነ እንጃ።

የሺጥላ

*

ዴጆን፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባባ፣

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ልኬትዎ እውነት ነው፤ አንዲቷንም አልተጠራጠርኩም። ግን አባባ፣ የለኩት ድልድዩ ሲያርፍ ነው። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ሸክሙ ላይ ሳለ ነው። ከእሱ ጋር ሰላምታ አይደለም የያዝነው።

ሦስት ጊዜ ይለኩልኝ፦ መኪናው ሳይገባ፣ መኪናው ላይ ሳለ፣ መኪናው ከወጣ በኋላ። ቱንቢውንም እንዲሁ። ስንጥቋ ብትከፈት አይደንግጡ፤ ሸክም ሲገባበት የማይጎብጥ ድልድይ የለም። ጥያቄው ሸክሙ ሲወርድ ቀና ይላል ወይ ነው። ሲለኩ ከጎን ሆነው ይለኩ፤ ከድልድዩ ሥር እንዳይቆሙ አደራ።

ደግሞ የግራው ምሰሶ መሠረት ምን ላይ ነው ያረፈው? ዓለት ላይ ነው? የሚያስታውሱ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሩሃማ

*

ዴጆን፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ የሺጥላ፣

ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ከእርስዎ አንድ መስመር አልመጣም። የህያን ብጠይቀው «በደጄ ያልፋሉ፣ አይገቡም» አለኝ። አስቀይሜዎት ከሆነ ይቆጡኝ፤ ዝምታዎን ግን አልችለውም። ታመው ከሆነም ይንገሩኝ።

ልጅዎ

*

ሰበታ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሃማ፣

አልታመምኩም። ለምን እታመማለሁ? ያሰብኩት ነገር ነበረኝ።

እነሆ ለካሁልሽ። ከትናንት ወዲያ ከማልን በከዘራዬ አስቆምኩትና «ዛሬ እለፍ ልልህ ነው፤ ግን ቀስ ብለህ ግባ፣ መሐል ላይ ቁም» አልኩት። ጠጠር እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ጃራን ነጠላውን እያውለበለበ ምልክት እንዲሰጥ ከላይ አቆምኩት። እኔ ታች ወረድኩ።

ከማል በመስኮት ብቅ ብሎ «ፋዘር፣ ቢወድቅስ?» አለ።

«እኔ ከሥሩ ነኝ። ከወደቀ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ፤ አንተ ንዳ» አልኩት። አውቃለሁ፣ ከሥሩ አትቁም ብለሻል። የምሰሶው ስንጥቅ ከጎን ሆኖ እንዴት ይታያል? አትቆጪኝ፣ አለፈ።

ባዶ ሳለ መቶ ከነጥብ አራት። ጃራ «ገባ!» ብሎ ጮኸ። ከላይ አቧራ ረገፈብኝ። ካሊፐሩን ሳስገባ መቶ አንድ ከነጥብ ሦስት! ዓይኔን ጠርጌ ደገምኩ። ዘጠኝ ነጥብ ተከፍቷል፤ ልቤም አብሮ ተከፈተ። ቱንቢው ከምልክቱ ወደ ውሃው በኩል ሄደ፤ የስንዴ ፍሬ ያህል። ከዚያ መኪናው ወጣ። ለካሁ፤ መቶ ከነጥብ አራት! ቱንቢውም ምልክቱ ላይ ተመለሰ። «ተመለሰ! ቀና አለ!» ብዬ ስጮህ ከማል ወርዶ መጣ፤ እንደ ልጅ ጉልበቱ ላይ ቁጭ ብሎ ቁጥሩን አየ። «ስለዚህ እኛ ስናልፍ ይሄ ሁሉ ይንቀሳቀሳል?» አለ። ዕድሜውን በላዩ የተመላለሰ ሰው ነው። በማግስቱ ሌላ ሹፌር አብሮት መጥቶ «እኔም ልይ» አለኝ። አራት መኪና ለካሁ፤ አራቱም ያው ነው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

እንዳልሽው ሸክሙ ሲወርድ ቀና ይላል። ወረቀቱን ላኪልኛ።

የሺጥላ

*

ዴጆን፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባባ፣

ከሥሩ በመቆምዎ አለቀስኩ፤ ሁለተኛ እንዳያደርጉት በአያቴ በተድላ አጥንት ለምኜዎታለሁ።

መመለሱ መልካም ነው፤ ደስ ብሎኛል። የቱንቢው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስንጥቋ ብቻ ብትከፈት ግንቡ ነው እል ነበር። ምሰሶው ከሥሩ ጀምሮ ተዘንብሎ ከተመለሰ ግን ችግሩ ከግንቡ በታች ነው። ግንብዎ ጠንካራ ነው አባባ፤ የቆመበት ነገር ነው የሚወዛወዘው፤ እንደተነቃነቀ ጥርስ። ዓለት ላይ ያረፈ ምሰሶ እንዲህ አያደርግም።

ባለፈው የጠየቅሁዎትን ዘለሉት። እንደገና ልጠይቅዎ፦ ሥሩ ምንድን ነው? የበልግ ዝናብ ከመጣ ውሃው ከሥሩ ያለውን አፈር ሊወስደው ይችላል። ያን ጊዜ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀው የሚያልፉትን ያስቡልኝ። ደብተሩ የእርስዎ ነው፤ ያለ ፈቃድዎ ለማንም አላሳይም። ግን ብዙ ዝም ማለት አልችልም።

ሩሃማ

*

ሰበታ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሃማ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ያልዋሸ አንደበትሽን እግዚአብሔር ይባርክልኝ።

የካቲት ሃያ ስምንት ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ወንዙ ደፍርሶ ምሰሶውን እስከ ወገቡ ይዞት ነበር፤ መለካት አልቻልኩም። በሁለተኛው ቀን ውሃው ጎደለ። ባዶውን ለካሁ፤ መቶ ከነጥብ ስምንት። ከማል አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ መቶ አንድ። በሚቀጥለውም ጠዋት ያው መቶ አንድ። ቱንቢው ምልክቱ ላይ አልተመለሰም። እኔም ከዚያ ወዲያ አልለካሁም። ያልተመለሰበትን ምክንያት ቀድሞም አውቀው ነበር።

ጥያቄሽን ልመልስልሽ። ሰኔ 1974 ነው። የመሠረቱ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ፓምፑ ተበላሽቷል፣ ትልቁ ዝናብ በደጅ ነው። ጃራ ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይቆፍራል። ዶማው ድንጋይ ነካ። ፎርማናችን ፍቅረሥላሴ ከላይ ሆኖ «የሺጥላ፣ ዓለት ነው?» አለኝ። ወርጄ በመዶሻ መታሁት። ዓለት ሲመታ እጅሽን ያነዝርሻል፣ ድምፁም እዚያው ይሞታል። ያ ግን እንደ ገንቦ ጮኸ። ከሥሩ ባዶ ወይም ጭቃ ያለው ትልቅ ድንጋይ ነበር እንጂ ዓለት አልነበረም። ጃራ በኦሮምኛው «ላኪ፣ ኦቦ!» ብሎ እንቢ አለ፤ «አይደለም፤ ጭቃ ላይ የተቀመጠ ነው። አንድ ክንድ እንጨምር» አለኝ። እኔ ደግሞ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «አንተ ቆፋሪ ነህ፤ ግንበኛው እኔ ነኝ» አልኩት። ጆሮዬ የሰማውን አውቃለሁ። አፌ ግን ወደ ላይ «ዓለት ነው!» ብሎ ጮኸ። ፍቅረሥላሴም በእኔ ቃል ፈረመ። በማግስቱ ድንጋይ መደርደር ጀመርኩ። ግንቡን አሳምሬ ሠራሁት፤ ያንን ማንም አይነቅፈውም። ዛሬም አይነቅፈውም።

አንቺ «ምን ላይ ነው ያረፈው» ስትዪኝ ሁለት ወር ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ወረቀት ወረቀት ያልኩሽም ለዚህ ነው። ከእኔ የበለጠ የተማረ ሰው «ደህና ነው» ብሎ ቢፈርምልኝ የጆሮዬን ነገር ልረሳው ነበር።

መጋቢት ሁለት ቀን ጃራ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ «ዓለት አልነበረም» አልኩት። ሳቀ። «ኤዬ፣ አውቃለሁ እንጂ። አርባ ሦስት ዓመት እዚያ ጋ ስደርስ እግሬን ቀለል አድርጌ ነው የምረግጠው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? አንተ ግንበኛ ነህ፤ እኔ ቆፋሪ ነኝ» አለኝ። ይህን ሲለኝ እንኳ ሳቁን አላቋረጠም። ሳይሳደብ ገደለኝ።

አብረን ወረዳ ሄድን። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ያባረርኳቸው ሁለቱ ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው «አባት፣ ዛሬ እኛን ሊያስገቡን ነው የመጡት?» ብሎ ቀለደ። ቁጥሮቹን ሲያይ ግን ወንበር ሳበልኝ። የፀሐይዋን፣ የመኪናውን፣ የዝናቡን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ከሥሩ ያለውንም ነገርኩት። ሲጽፍ «የእኔን ስም ጻፍ፤ የፍቅረሥላሴን አትጻፍ፤ እሱ የነገርኩትን ነው የፈረመው» አልኩት። በዚያው ቀን ማታ ከሁለቱም በኩል በርሜል አቁመው ለመኪና ዘጉት። ሰው ብቻ በእግሩ ያልፋል። የፋብሪካ ሠራተኞች ከዚህ ወርደው፣ ተሻግረው፣ ከዚያ ማዶ ሌላ ሚኒባስ ይይዛሉ። ሲያልፉ ያጉረመርማሉ። የካባው ባለቤት ሰላምታ ከልክሎኛል። ከማል በሩቁ መንገድ ይዞራል፤ እሱ ግን ቆሞ «ፋዘር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁት እኔ ነኝ አይደል?» ብሎ ጠይቆኝ ሄደ። ሌሊት ይህን ሲያስብ እንደሚያድር ፊቱ ላይ አየሁ።

አሁን ወረቀቱን ላኪልኝ። «ደህና ነው» አትበዪ። ያየሽውን ቁጥር ሁሉ ጻፊ፣ መሠረቱ እንዲቆፈርና እንደገና እንዲሠራ ጻፊ፣ ማኅተሙን አሳርፊበት። በጀት የሚያዘው በወረቀት ነው እንጂ በሽማግሌ ደብተር አይደለም ብለውኛል።

እኔን ለመርዳት ብለሽ ከዚህ ሌላ ምንም አታድርጊ። ይቅርታ የሚጠይቅልኝ ሰው አልልክም፤ ዕዳዬን የምከፍለው ራሴ ነኝ። ጻፍኳቸው፦

ፍቅረሥላሴ አርፏል፤ ልጁ ሰንዳፋ ነው የሚኖረው አሉ። ከፋሲካ በኋላ በሚኒባስ ሄጄ አባቱ የፈረመው በንጹሕ ልብ መሆኑን እነግረዋለሁ።

ለማሪቱ። የመሠረቱ ሥራ ያለቀ ዕለት ማታ ጭቃ ለብሼ ስገባ «በደንብ ጨረስክ?» ብላኝ «ጨርሻለሁ» ብያታለሁ። መቃብሯ ላይ ሄጄ እነግራታለሁ።

ለከማል። ካሊፐር እንዴት እንደሚነበብ አስተምረዋለሁ፤ የሚያልፍባቸው ሌሎች ድልድዮች አሉ።

ለጃራ። መሠረቱ ሲቆፈር እሱ ከላይ ይቀመጣል፤ እኔ እወርዳለሁ። ከልክለው ቢያወጡኝ ተመልሼ እወርዳለሁ። አንድ ክንድ ቁፋሮ አለብኝ።